ምዕራፍ ስድስት፦ ውሃ ዳር ማደር

ወልድያ ሐይቅ የላትም። ተራራ አላት፣ ገበያ አላት፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስም የተሰየመ ስታዲየም አላት። ውሃ ዳር ልዋል፣ ሲመችም ልደር የሚል የከተማዋ ሰው ግን መንገድ መያዝ ግድ ይለዋል። ወደ ሰሜን ከሄደ ቆቦንና አላማጣን አልፎ፣ የግራካሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ከኮረም በላይ ሐሸንጌን ያገኛል። ወደ ደቡብ ከሄደ ሲሪንቃን፣ መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን ተሻግሮ ዘጠና ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ከሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ሐይቁም ከከተማዋ ጎን ተኝቷል። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው መንገድና ስለ መድረሻው ነው። የሐብሩ ወረዳ ሰው ከመርሳ ፍራፍሬውን ሸምቶ ተነስቶ ምሳውን እዚያ ሊበላ ይችላል። ጥያቄዬ ራቱንስ ለምን እዚያው አይበላም የሚል ነው።

ሐይቅን የሚጎበኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው። እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል፣ የተጠበሰ ዓሣ ያዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ እሱም ከጓደኛው ጋር እየተጯጯኸ ይጫወታል፤ ዐሥር ሰዓት ሲል መኪናው ይነሳል። የመጣው ግን ሐይቁ በማያምርበት ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ውሃው ይንገላታል፣ ፀሐይ ከላይ ስለምትመታው ቀለሙ ይገረጣል፣ ወፎቹም ጥላ ፈልገው ይሸሸጋሉ። ሐይቁ የሚታየው ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላና ከጧቱ ሦስት ሰዓት በፊት ነው፤ በሁለቱም ሰዓት እንግዳው በቦታው የለም።

ሐይቁ እንዲህ ለመለዋወጡ ምክንያቱ ተፈጥሮ ነው። ቀን የብስ ከውሃ ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ቦታውን ሊተካ ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዳር ይነፍሳል። የአምባሰል ተራሮች ተዳፋትም በበኩሉ ስለሚሞቅ ነፋሱን ወደ ላይ ይስበዋል። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፦ የብሱ ቶሎ ይበርዳል፣ ከተራራው የወረደው ብርድ ወደ ጎድጓዳው ይንሸራተታል። በሁለቱ መካከል፣ ማለትም ሲመሽና ሲነጋ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ያልወሰነ ይመስል ቀጥ ይላል። ውሃው መስተዋት የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚያወጣው፣ የውሃ ወፎቹም ወደ ዳር የሚመጡት ያን ጊዜ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ከሆነ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ስደተኛ ወፎች ከአገሬው ጋር ተደባልቀው ይታያሉ።

በዚያው ሰዓት ሌላም ነገር ይሆናል። ከውሃው በላይ ያለው አየር ከታች ቀዝቅዞ ከላይ ሞቅ ሲል ድምፅ ሽቅብ በኖ አይጠፋም፤ ወደ ታች ይታጠፋል፣ በለጥ ባለው ውሃ ላይም እየተንሸራተተ ሩቅ ይሄዳል። የሐይቁ ስፋት ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሆኖም በጸጥተኛ ማታ ከወዲህ ማዶ የተከፈተ ሙዚቃ ብዙ ርቀት ተሻግሮ ይሰማል። አንድ ሰው ብቻውን ሐይቅ ሙሉ ሰው ሊረብሽ የሚችለው ስለዚህ ነው። ዝምታ የዚህ ቦታ ዋና ሀብት ነው ስል ስለ ስሜት ብቻ አላወራም፤ ሀብቱ በቀላሉ የሚባክን መሆኑንም ጭምር መናገሬ ነው።

አንዳንዱ ሰው ድንኳን ተክሎ ማደር የፈረንጅ ጨዋታ ይመስለዋል። እኔ ግን ለወሎ ሰው ይህን ማስተማር ለዓሣ ዋና እንደማስተማር ይመስለኛል። በየዓመቱ ጥር 10 ቀን፣ ከተራ ሲሆን፣ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወርደው ውሃ ዳር ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፤ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ምእመኑ ጋቢውን ተከናንቦ በሜዳው ሲያድር ይነጋል። መስከረም 21 ቀን ደግሞ ከዚሁ መንገድ በስተምዕራብ፣ በአምባሰል ተራሮች መካከል፣ ግሸን ማርያም ላይ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ቤትም አልጋም ሳይጠብቅ ውጪ ያድራል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሳምንታት ውሃ አጠገብ ይሰነብታል። እረኛና ነጋዴ ሜዳ ላይ ሳያድሩ የኖሩበት ዘመን የለም። ነገሥታቱ ራሳቸው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት መንግሥታቸውን ከድንኳን ሆነው ነው የመሩት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውና በዐሥራ ሰባተኛው አንቀጹ ምክንያት አድዋን ያስከተለው ውል እንኳ ስሙን ያገኘው ምኒልክ ሰፍረውበት ከነበረው ከዚሁ ከውጫሌ ነው።

እንግዲህ ውጪ ማደር እናውቃለን። የምናውቀው ግን ለጸሎት፣ ለዘመቻ፣ ለንግድ ወይም ለሐዘን ነው፤ ለመዝናናት ስንወጣ ብቻ ይጠፋብናል። ልዩነቱን ለማየት ከተራን ማስታወስ ይበቃል። በከተራ ሜዳው ላይ ብዙ ሺህ ሰው አለ፣ ነገር ግን ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ወደ ድንኳኑ እንደሚቀርብ፣ መቼ እንደሚዘመርና መቼ ዝም እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ሥርዓቱ ስላለ ሕዝቡ ቢበዛም ቦታው አይበላሽም። የሐይቁ ዳርቻ የጎደለው ይህ ነው። ሰውም ውሃም ሞልቶታል፤ ማን የት እንደሚያርፍና መቼ ዝም እንደሚባል የሚናገር ግን የለውም።

ሐይቁ ራሱ እንዴት እንደመጣ ትንሽ ልናገር፤ ድንኳን የሚተክል ሰው የቆመበትን መሬት ቢያውቅ አይጎዳውም። ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በደጋው ግድግዳና በአፋር ቆላ መካከል ባለው ደረጃ ላይ ነው የሚሄደው። የአፋር ምድር ከኢትዮጵያ ደጋ እየተሰነጠቀ ሲርቅ፣ በዳር በኩል ያሉ የመሬት ቁራጮች በስንጥቆቹ መካከል ሰምጠው ረጃጅም ጎድጓዳዎች ፈጠሩ። የቆቦ ሜዳ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከደሴ በታች የሚገኘው የቦርከና ሸለቆም እንዲሁ። ሐይቅ የተኛበት ጎድጓዳም የእነሱ ወንድም ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው ውሃ መያዙ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ይህን ከጣና ጋር ስናስተያየው ይገርማል፤ ያ ሁሉ ስፋት ያለው ጣና ጥልቀቱ ዐሥራ አምስት ሜትር እንኳ አይሞላም።

ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ታናሽ ወንድሙ አርዲቦ አለ። የአርዲቦ ትርፍ ውሃ በአንቀርቃ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ከሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህ ለካምፕ ሰው ከሁሉ የሚበልጥ እውነት ነው። ዓባይ ወይም ሚሌ ውስጥ የተጣለ ሳሙና ቢያንስ ወደ ሌላ ሰው አገር ይሄዳል፤ መልካም ባይሆንም ይሄዳል። ሐይቅ ውስጥ የገባ ነገር ግን ውሃው ይተናል እንጂ እሱ እዚያው ይቀራል። መኪና የታጠበበት ዘይት፣ ልብስ የታጠበበት ሳሙና፣ የውሃ ፕላስቲኩ፣ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያ፣ ሁሉም ይጠራቀማል።

የሐይቁ ውሃ እንዴት በቀላሉ እንደሚለወጥ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ እኛ አቆጣጠር፣ ውሃውን ያጠኑ ተመራማሪዎች እጅግ የጠራ ሆኖ አግኝተውት ነበር። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ዓሣ ተጨመረበት። ቆሮሶው ተራባ፣ ለአካባቢው ሰውም ምግብና ገቢ ሆነ፤ ዛሬ ሳህናችሁ ላይ የሚቀርበው እሱ ነው። በኋላ የተደረገ ጥናት ግን ውሃው ጥራቱን መቀነሱን አሳየ። በሐይቅ ውስጥ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን እንስሳት አሉ፤ እነሱ አረንጓዴውን የውሃ ሽበት (አልጌ) እየጋጡ ውሃውን ያጠሩታል። ዓሣው እነዚህን ጋጮች ሲበላቸው ሽበቱ የሚከለክለው አጣና በዛ። ቆሮሶን እወቅሳለሁ ማለቴ አይደለም፤ ጠብሼ እበላዋለሁ። ሆኖም ጥልቅና ዝግ በሆነ ውሃ ውስጥ አንድ ነገር ሲጨመር ሌላው እንደሚናጋ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ያም ሆኖ ሐይቅ ለዘመናት ጸጥ ብሎ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። የሚጠብቀው ነበር። በውሃው ላይ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረውና አሁን ከየብስ ጋር በተያያዘው መሬት ላይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት የመጀመሪያውን ምሥረታ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ በፊት ያደርገዋል፤ ገዳሙ ስመ ጥር የሆነው ግን እሳቸው ደብረ ዳሞ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1248 ወደዚህ ከመጡ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት አቋቋሙ፣ መጻሕፍት አስጻፉ፤ ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ለገዳሙ የተሰጠው፣ የእሳቸውም ሥዕል ያለበት የአራቱ ወንጌላት ብራና ከአገራችን ታላላቅ ቅርሶች አንዱ ነው። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ቦታ ነበረው።

ገዳማውያኑ ደሴቱን የመረጡት ለመዝናናት አልነበረም፤ የፈለጉት ግን እኛ ዛሬ የምንፈልገውን ነገር ነው፦ ከጫጫታ መራቅ። ውሃውን እንደ አጥር ተጠቀሙበት። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቁን አይቶ ጽፏል፤ ደሴቱን፣ የእስጢፋኖስን ገዳም፣ መነኮሳቱ የሚሻገሩበትን የደንገል ታንኳ፣ የሎሚና የብርቱካን ዛፎቹን፣ ውሃው ውስጥ ስላለው ጉማሬም ሳይቀር ያወራል። ከዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ የኢማም አሕመድ ሠራዊት መጣ። አጥሩ ውሃ ስለነበር ወታደሮቹ መሻገሪያ ከእንጨት መሥራት ነበረባቸው። በመጨረሻ መነኮሳቱ ንብረታቸውን አስረክበው ተደራደሩ። የቆሙበትን ጸጥታ በወርቅ የገዙ ሰዎች ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚሄድ እንግዳ ሥርዓት ይጠብቀዋል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ በር ላይ ከመከፋት ያድናል። ፎቶ ለማንሳት ይጠየቃል፣ ጫማ ይወልቃል፣ በገዳሙ አጠገብ አይጮህም። ዐለማዊ መዝናኛ ይህን ሥርዓት ለራሱ ይቅዳ አልልም። ሆኖም የሐይቁ ዳርቻ ብዙ ክፍል ባለቤት የሌለው ሲመስል፣ ይኸኛው ጥግ ለምን ዛፍ እንደቀረለት ማሰብ ተገቢ ነው።

አሜሪካኖች ተመሳሳይ የሥርዓት ማጣት ችግር የገጠማቸው መኪና ሲበዛባቸው ነበር። የመጀመሪያ የሚባለውን የክፍለ ግዛት ፓርክ በኒያጋራ ፏፏቴ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሕዝቡ ፎርድ መኪናውን እየነዳ ጫካ ገብቶ በየዛፉ ሥር ድንኳን መትከል ጀመረ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ትላልቆቹ ዛፎች ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲጎዱ፣ ኤሚሊዮ ማይነኬ የተባለ የዕፅዋት በሽታ ሊቅ እንዲመረምር ተጠየቀ። በሽታ አላገኘም። ዛፎቹን የጎዳቸው የእንግዳው እግርና የመኪናው ጎማ ነበር፤ አፈሩ ተጠቅጥቆ ሥሩ አየርና ውሃ አጣ። ማይነኬ በ1932 ያቀረበው መፍትሔ ያስቃል፣ ቀላል ስለሆነ። እንግዳውን አትከልክሉት፣ ቦታ ስጡት አለ። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት ክብ መንገድ፣ ከመንገዱ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የተከፈለች አንዲት መቆሚያ፣ ከጎኗ የማይነሳ ጠረጴዛና የማይነሳ ምድጃ፣ በጎረቤቶቹ መካከል ደግሞ ያልተነካ ቁጥቋጦ። ሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከረገጠ ሌላው መሬት ይተርፋል። ከ1933 ጀምሮ መንግሥት ሥራ አጥ ወጣቶችን አሰማርቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፓርኮችን በዚህ አሠራር ሠራ። ዛሬም እዚያ አገር ሐይቅ ዳር ያለ ጸጥተኛ ፓርክ ብትገቡ የምታገኙት ይህንኑ ነው፦ ቁጥር ያለው ቦታ፣ የብረት ቀለበት ውስጥ የታጠረ እሳት፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ በአብዛኛው ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋት የሚዘልቅ የዝምታ ሰዓት። በብዙ ትናንሽ ሐይቆች ላይ የነዳጅ ሞተር ጀልባ ክልክል ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ጠባቂ ነው። እኛም ዘንድ ምሳሌው አለ። ሰሜን ተራሮች ላይ ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ የታወቁ የማደሪያ ቦታዎች ናቸው፤ እንግዳው ጠባቂ ይዞ ይገባል፣ በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ይተክላል። መንዝ ጓሳ ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል። የአካባቢው ገበሬ የጓሳውን ሣር መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ በራሱ ደንብ ሲወስን የኖረ ነው፤ አንዳንዴ ለዓመታት ይዘጉታል። በዚያ ጥበቃ ላይ ነው በኋላ የእንግዳ ማረፊያና የድንኳን ቦታ የተጨመረው። ወንጪ ላይም የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው ፈረስና ጀልባውን በተራ ያሠማራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ ብሎ ከመረጣቸው መንደሮች አንዷ ሆናለች። በነዚህ ሁሉ ቦታዎች ጥበቃው ከእንግዳው ቀድሞ ነው የመጣው። ሐይቅ ላይ የምፈራው ተቃራኒውን ነው፦ መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ ድምፅ ማጉያ፣ መጨረሻ ላይ ደንብ።

እስከዚያው ድረስ ሐይቅ አጥርና በር ያለው ፓርክ ስላልሆነ፣ ማደር የሚፈልግ ሰው ሥርዓቱን ራሱ ይዞ መሄድ አለበት። ከሁሉ በፊት መንገዱን ጠይቁ። ይህ አካባቢ ብዙ አይቷል፤ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት እጅ ውስጥ ነበረች፣ ከዚያም በኋላ ሰላሙ የተቆራረጠበት ጊዜ አለ። ሾፌሮች ከማንም በፊት ያውቃሉ፤ «መንገዱ እንዴት ነው?» ሲባሉ ፊታቸውን ካዞሩ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አዛውሩት። ሐይቁ የትም አይሄድም።

ከደረሳችሁ ደግሞ መሬቱ የሰው መሆኑን አትርሱ። ባዶ የሚመስለው የሐይቅ ዳር ሜዳ የአንድ ገበሬ ግጦሽ ወይም ምስር የሚዘራበት ማሳ ነው። ቀበሌውን አስፈቅዱ፣ የመሬቱን ባለቤት አነጋግሩ። «እንደምን ዋላችሁ፣ የመሸብን እንግዶች ነን» ብሎ ለሚጀምር ሰው ወሎ በሩን አይዘጋም፤ እንዲያውም ድንኳኑን ተዉት፣ ቤት እደሩ ብለው ያስቸግሯችኋል። ለሌሊቱ ጥበቃ ከሰፈሩ አንድ ሰው ቅጠሩ፤ ተገቢውን ክፈሉት፣ ራትም አብራችሁ ብሉ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከመስቀል በኋላ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አያስተኛም፤ ወሎ ደግሞ የበልግ አገር ስለሆነ መጋቢትና ሚያዝያም ድንገት ሊያረጥባችሁ ይችላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ግን ሌሊቱ ይቆጣል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳ ስለሚፈስ ከውሃው ጠርዝ ላይ የተተከለ ድንኳን ብርዱንም ጤዛውንም ትንኙንም ይሰበስባል። ሃምሳ ስድሳ እርምጃ ከፍ ብሎ፣ ለጥ ባለ መሬት ላይ፣ በሩን ከነፋሱ አዙሮ መትከል ይበጃል። ከታች ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ብርዱ የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው። ሁለት ጋቢ ከአንድ ውድ ጃኬት ይሻላል። ወባም በዚህ ከፍታ ጨርሶ አይጠፋም፤ በተለይ መርሳን በመሰለ ቆላ የምታድሩ ከሆነ አጎበሩን አትርሱ።

ዋናን በተመለከተ ቢልሃርዚያን ማወቅ ያስፈልጋል። ወሎን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ሐይቆችና ጅረቶች ዳር የሚገኝ በሽታ ነው። ትሉ በታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃ ይገባል፤ እዚያ በትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ተራብቶ በጣም ደቃቃ እጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያም ሰው ሲገባ በቆዳው በኩል ዘልቆ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃዋል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ሣር ያለበትን፣ ጥልቀት የሌለውን፣ ፀሐይ የሚያሞቀውን ዳር ነው፤ እጩም በብዛት የሚወጣው ቀን ፀሐይ ሲበረታ ነው። ልጆች የሚንቦጫረቁት ደግሞ እዚያው፣ በዚያው ሰዓት ነው። ላንጋኖ የአዲስ አበባን ሰው ለዓመታት የሳበው ውሃው ቡና ቢመስልም ከዚህ በሽታ ነጻ ነው በመባሉ ነው። ሐይቅ ላይ ግን ውሃውን ከዳር ሆኖ ወይም ከጀልባ ላይ ማየቱን እመርጣለሁ። ገብቶ የዋኘ ሰው ከሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድነዋል። በሽታው ከምን እንደሚጀምር ካያችሁ ደግሞ ቀጣዩ ደንብ ራሱ ይመጣል፦ ውሃ አጠገብ አይጸዳዱም። ሽንት ቤት ከሌለ ከውሃው ቢያንስ ስድሳ ሜትር ርቆ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፈር መልሶ መሸፈን ነው።

ምግቡ ቀላል ይሁን። በሶ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦና ጀበና ካለ የቀረው ዓሣ ነው፤ እሱን ጧት ከአጥማጆቹ መግዛት ከሆቴሉም ይረክሳል፣ ወሬም ይገኝበታል። ማብሰያ የከሰል ምድጃ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ከዳርቻው ዛፍ አትቁረጡ፤ የደረቀ የሚመስለው ቅርንጫፍ እንኳ የአንዲት እናት የነገ ማገዶ ነው። ሣህን ሐይቁ ውስጥ አይታጠብም፤ ውሃ በባልዲ ቀድቶ ከዳር ራቅ ብሎ ማጠብ ነው። ሥጋና አጥንት ማታ ውጪ አታሳድሩ፤ የወሎ ጅብ ግብዣ አይጠብቅም። በተረፈ ድምፁን ከሩቅ ብትሰሙ አትደንግጡ፣ የሚጮኸው ለእናንተ አይደለም።

አሁን ሐይቁ የሚገኝበትን የተሁለደሬ ወረዳንና የሐይቅ ከተማን አስተዳደር ላናግር። ሐይቅ ሌላ ትልቅ ሆቴል አይቸግረውም። የሚያስፈልገው ከውሃው ራቅ ብሎ የተከለለ አንድ ሜዳ፣ እዚያም ላይ ሃያ የድንኳን ቦታ፣ ሁለት ደህና ሽንት ቤት፣ የቆሻሻ ጉድጓድ፣ ከአካባቢው ወጣቶች የተመረጡ ደመወዝ ያላቸው ጠባቂዎች፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያን የሚከለክል ደንብና ደንቡን የሚያስፈጽም ሰው ነው። ክፍያው ለእርሻው ባለቤቶችና ለጥበቃው ይዋል፤ የገዳሙ አባቶችም፣ የአካባቢው የሀገር ሽማግሌዎችም ከመጀመሪያው ምክክር ይገኙ። እናንተም አንባቢዎች ቦታው እስኪዘጋጅ አትጠብቁ፦ የሚቀጥለው ዓርብ መንገዱ ደህና ከሆነ ድምፅ ማጉያውን ቤት ትታችሁ፣ ጋቢ ደርባችሁ ውጡ፣ ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ።